ለክፍት ምንጭ ፕሮጀክት የሥነ ምግባር ደንብ እንዴት ይወጣል?

በክፍት ምንጭ (ኮዱ ለሁሉም ክፍት በሆነ) ሶፍትዌር ዓለም በብዛት ከሚገለበጡት የሥነ ምግባር ደንቦች አንዱ ኮንትሪቢዩተር ኮቨናንት ነው። ኮራላይን አዳ ኤምኪ በ2014 ያዘጋጀችው ይህ ጽሑፍ (እዚህ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው) በአራት ማዕዘን ቅንፍ የታጠረ አንድ ክፍት ቦታ አለው። ተጠቃሚው ፕሮጀክት አቤቱታ የሚቀበልበትን አድራሻ እዚያ እንዲያስገባ የተተወ ነው። ደንቡን ገልብጠው ከለጠፉ በኋላ ይህን ቦታ ሳይሞሉ የረሱት ፕሮጀክቶች ጥቂት አይደሉም። የተሰደበ ሰው ደንቡን ከፍቶ «አቤቱታዎን ለሚከተለው ያቅርቡ» እስከሚለው ድረስ ያነባል፤ ቀጥሎ የሚያገኘው ያልተሞላ ቅንፍ ነው።

እንዲህ ያለ ደንብ ከነአካቴው ካለመኖሩ ይብሳል ባይ ነኝ። ደንብ በሌለበት ሰው ራሱን ይጠብቃል፤ ደንብ ባለበት ግን አምኖ ይገባል። ስለዚህ በዚህ ጽሑፍ የተለመደውን ቅደም ተከተል ገልብጬዋለሁ፤ የደንቡ ጽሑፍ ከመመረጡ በፊት ደንቡን የሚያስፈጽሙት ዳኞች ይመረጣሉ።

ነገሩ የጥቂት ስሜተ ስስ ሰዎች ጣጣ ነው ለሚል ሰው አንድ መረጃ ላቅርብ። የኮድ ማከማቻው ድረ ገጽ ጊትሃብ በ2017 ባካሄደው የዳሰሳ ጥናት ከተጠየቁት 5,500 ያህል ተሳታፊዎች መካከል ግማሹ በሌላ ሰው ላይ መጥፎ ነገር ሲደርስ አይተዋል፤ 18 በመቶው በራሳቸው ላይ ደርሶባቸዋል። ከደረሰባቸውና ካዩት ውስጥ 21 በመቶው በዚያው ምክንያት ከአንድ ፕሮጀክት ወጥተዋል። በበጎ ፈቃድ በሚሠራ ሥራ ላይ ከእነዚህ ከአምስት አንዱን ማጣት ቀላል ኪሳራ አይደለም።

1. መጀመሪያ ዳኞቹን ፈልጉ

የእድር መተዳደሪያ ደንብ የቀረ ሰው ይህን ያህል ብር ይቀጣል ብሎ ከመደንገጉ በፊት ዳኛው ማን፣ ጸሐፊው ማን እንደሆነ ያስታውቃል። እዚህም ያው ነው። ለአብዛኛው ፕሮጀክት ሦስት ሰው ይበቃል። ሦስቱም የአንድ ኩባንያ ተቀጣሪዎች ወይም የቆዩ ባልንጀሮች ከሆኑ ግን በቁጥር ሦስት ይሁኑ እንጂ ድምፃቸው አንድ ነው። ቢያንስ አንዷ ሴት ብትሆን ለወንድ የማይነገረው አቤቱታ መድረሻ ያገኛል።

ኮድ በመጻፍ የሚደነቅ ሰው የግድ ጥሩ ዳኛ አይሆንም። የሚፈለገው ምስጢር የሚጠብቅ፣ የተቆጣ ሰው የጻፈውን አንብቦ በዚያው ቁጣ የማይመልስ ሰው ነው። ሰነድ የሚያዘጋጁ፣ የሚተረጉሙና ጀማሪዎችን የሚያስተናግዱ አባላት ለዚህ ሥራ ከዋናዎቹ አበልጻጊዎች ብዙ ጊዜ ይሻላሉ።

ቀጥሎ አስቸጋሪውን ጥያቄ ማንም ሳይከሰስ አሁኑኑ መልሱት። አቤቱታው በኮሚቴው አባል ላይ ቢመጣስ? በፕሮጀክቱ መሥራች ላይ ቢመጣስ? የራስት ፕሮግራሚንግ ቋንቋ ማኅበረሰብ ደንብም ደንቡን የሚያስፈጽም የአወያዮች ቡድንም ነበረው። ሆኖም በኖቬምበር 2021 የቡድኑ አባላት በሙሉ ሥራቸውን ለቀቁ። ምክንያታቸው የፕሮጀክቱ የበላይ ቡድን ከራሱ በቀር ለማንም ተጠያቂ ባለመሆኑ ደንቡን እንደሚገባው ማስፈጸም አልቻልንም የሚል ነበር። አስተዳደሩ እንደገና ተዋቅሮ የአመራር ምክር ቤት የተቋቋመው በ2023 ነው። ለትንሽ ፕሮጀክት መፍትሔው አጭር ነው፦ ጉዳዩ የሚመለከተው አባል ራሱን ያገልላል፣ መሥራቹም በራሱ ጉዳይ ድምፅ የለውም። ይህ በጽሑፍ ይስፈር። መሥራቹ በዚህ ካልተስማማ ቀሪውን ሥራ መጀመር አያስፈልግም።

2. ጽሑፉን አትፍጠሩ፣ ምረጡ

ከባዶ መጻፍ አጓጊ ነው፤ አትጻፉ። የኮንትሪቢዩተር ኮቨናንት 2.1 እትም አለ፣ የድረ ገጽ መሥሪያው የጃንጎ ማኅበረሰብ ደንብ አለ፣ የስርዓተ ክወናው የኡቡንቱም አለ። በመነሻነት የሚያገለግል አንዱን ውሰዱ።

ለቀልድ ያህል፣ የኤስኪውላይት መረጃ ቋት አዘጋጆች ደንብ እንዲያቀርቡ ደንበኞች ሲጠይቋቸው ከቅዱስ ቤኔዲክቶስ የገዳም ሥርዓት 72 አንቀጾች ለጥፈው ነበር፤ የመጀመሪያው እግዚአብሔርን በፍጹም ልብህ ውደድ የሚለው ነው። በ2018 ነገሩ መነጋገሪያ ሲሆን ጽሑፉን የሥነ ምግባር መርሖ ብለው ሰየሙትና ለደንብነት የፋየርፎክስ አሳሽ አዘጋጅ የሆነውን የሞዚላን መመሪያ ወሰዱ። የውጭ ሰው ኮድ ለማይቀበል ፕሮጀክት ጉዳቱ ትንሽ ነው፤ በሩን ለከፈተ ፕሮጀክት ግን ለመነኮሳት የተጻፈ ሥርዓት ማንንም አይጠብቅም።

የተመረጠውን ጽሑፍ ለራሳችሁ ቦታ አስተካክሉት። አባላቱ ኢትዮጵያውያን ከሆኑ የብሔር ስድብ፣ በሃይማኖት ማሾፍ፣ በአነጋገር ዘዬ ወይም በእንግሊዝኛ ድክመት መሳለቅ በግልጽ ይጠቀሱ። «ጨዋ ሁኑ» የሚል ጥቅል ቃል ሁሉም በራሱ ልክ ይተረጉመዋል። የአማርኛ ዊኪፔዲያ አርታኢዎች ደግሞ ከዜሮ አይነሱም፤ የዊኪሚዲያ ፋውንዴሽን ቦርድ በ2021 ያጸደቀው ሁለንተናዊ የሥነ ምግባር ደንብ በሁሉም ቋንቋዎች ባሉ ፕሮጀክቶቹ ላይ ይሠራል።

3. ቅጣቱንና ወሰኑን አስቀምጡ

የኮንትሪቢዩተር ኮቨናንት 2.0 እና 2.1 እትሞች ከሞዚላ የወሰዱት ባለ አራት እርከን መሰላል አላቸው፦ እርማት፣ ማስጠንቀቂያ፣ ጊዜያዊ እገዳ፣ ቋሚ እገዳ። እንዳለ ውሰዱት። የግድያ ወይም የድብደባ ዛቻ ግን በመሰላል አይወጣም፤ ሰውየው ወዲያው ይታገዳል፣ ተበዳዩም ወደ ፖሊስ መሄድ ቢፈልግ ማስረጃው ይሰጠዋል።

ደንቡ የት የት እንደሚሠራም ጻፉ። የኮድ ማከማቻው ውስጥ ጨዋ የሆነ ሰው በቴሌግራም ቡድኑ ውስጥ ሌላ ሰው ሊሆን ይችላል። በግል መልእክት የሚላክ ትንኮሳም ከፕሮጀክቱ የመነጨ ከሆነ ይካተት፤ ብዙው ጉዳት የሚደርሰው እዚያ ነው።

4. ለአባላቱ አቅርቡ

ሁለት ተቃራኒ ታሪኮች አሉ። የሊኑክስ ከርነል (የስርዓተ ክወናው እምብርት) በ2015 አጭር የግጭት መመሪያ አውጥቶ ነበር። በሴፕቴምበር 2018 የሊኑክስ ፈጣሪ ሊነስ ቶርቫልድስ ለዓመታት ለጻፋቸው ስድብ አዘል መልእክቶች ይቅርታ ጠይቆ ለጊዜው ከሥራው ገለል ሲል፣ መመሪያው ያለ ሰፊ የአደባባይ ውይይት በኮንትሪቢዩተር ኮቨናንት ተተካ። ተቃውሞ ተነሣ፤ ብዙዎች የጠየቁት ደንቡ ለከርነል ሥራ ምን ማለት እንደሆነ ነበር። በቀጣዮቹ ሳምንታት ደንቡን የሚያብራራ ተጨማሪ ሰነድ ተዘጋጅቶ ኦክቶበር ላይ ከወጣው የከርነሉ 4.19 እትም ጋር ተካተተ። በሊኑክስ ላይ የተመሠረተ ስርዓተ ክወና የሚያዘጋጀው ዴቢያን ግን በኤፕሪል 2014 ደንቡን በአባላቱ አጠቃላይ ድምፅ አጸደቀ። ይህን ስል የከርነሉ ውሳኔ ስህተት ነበር ማለቴ አይደለም፤ ማብራሪያው ቀድሞ ቢመጣ ኖሮ ግን ብዙ ጭቅጭቅ ይቀር ነበር።

ረቂቁን ለጥፋችሁ ለሁለት ሳምንት ያህል አስተያየት ተቀበሉ። ሁለት ተቃውሞዎች እንደሚመጡ እወቁ። አንደኛው «እኛ የምንመዝነው ኮድ ነው፤ የሰው ጠባይ አያገባንም» ይላል። መልሱ ቀላል ነው፤ ኮዱ እንደ ቀድሞው ይመዘናል፣ ደንቡ የሚመለከተው ስለ ጸሐፊው የሚባለውን ብቻ ነው። ሁለተኛው «ይህ ሥልጣን የሚወዱ ሰዎች መሣሪያ ይሆናል» የሚለው ነው። ይህ ስጋት መሠረት ስላለው በክርክር አትርቱት። የኮሚቴውን የሥራ ዘመን በአንድ ወይም በሁለት ዓመት ገድቡ፣ የታገደ ሰው ይግባኝ የሚልበትን ሌላ አካል ሰይሙ።

5. ቦታ ቦታውን አስይዙ

በጊትሃብ ላይ አዲስ ፋይል ፍጠሩና «ኮድ ኦፍ ኮንዳክት» የሚለውን ስም በእንግሊዝኛ ስትጽፉ ዝግጁ ቅጽ የሚያመጣ አማራጭ ይወጣል። ፋይሉ በዋናው ማኅደር ይቀመጥ፣ ከሪድሚ ፋይሉ (ፕሮጀክቱን ከሚያስተዋውቀው ጽሑፍ) ማያያዣ ይኑረው፣ በቴሌግራም ቡድኑም አናት ላይ ይሰካ። አድራሻው የአንድ ሰው የግል ኢሜይል አይሁን፤ ሰውየው ቢታመም ወይም ራሱ ቢከሰስ በሩ ይዘጋል። ከዚያ ከውጭ ኢሜይል ወደ አድራሻው አንድ የሙከራ መልእክት ላኩ። መልእክቱ መድረሱን ሳታረጋግጡ ደንቡ ጸድቋል አትበሉ።

6. የመጀመሪያው አቤቱታ ሲመጣ

ደንቡ ደንብ የሚሆነው እዚህ ነው። አንድ ምሳሌ እናስብ። አንዲት ጀማሪ የመጀመሪያዋን የኮድ ማሻሻያ ትልካለች። ነባሩ ገምጋሚ «ይህን የጻፈ ሰው ኮምፒውተር ባይነካ ይሻለው ነበር» ብሎ ጽፎ ማሻሻያዋን ሳይቀበል ይዘጋዋል። በማግስቱ አቤቱታዋ ይደርሳችኋል።

ሌላ ነገር ከማድረጋችሁ በፊት ገጹን ፎቶ አንሥታችሁ አስቀምጡ፤ አስተያየት ይሰረዛል፣ ይስተካከላልም። ከዚያ ውሳኔ ሳይጠበቅ በሁለት ቀን ውስጥ መልስ ጻፉ፦ «መልእክትዎ ደርሶናል። ከሦስታችን አንዱ የገምጋሚው የሥራ ባልደረባ ስለሆነ ከጉዳዩ ወጥቷል። እስከ ዓርብ የደረስንበትን እናሳውቅዎታለን። ስምዎን አንገልጽም፤ ነገሩ በአደባባይ የተጻፈ በመሆኑ ግን ገምጋሚው ሊገምት እንደሚችል እንዲያውቁት እንወዳለን።» የመጨረሻው ዓረፍተ ነገር ለመጻፍ ይከብዳል፤ ሆኖም የማትጠብቁትን ምስጢር ቃል መግባት ሌላ በደል ነው።

ገምጋሚውን በግል ጠይቁት። ያላያችሁት ነገር ሊኖር ይችላል። የመጀመሪያ ጥፋቱ ከሆነ ቅጣቱ እርማት ነው፤ ደብዳቤው ግን ነጥቡን ይለይ፦ «ኮዱ ስህተት አለበት ማለትዎ ተገቢ ነው፤ ማሻሻያውን ያለመቀበል መብትዎም የተጠበቀ ነው። የጻፍንልዎ ስለ ጸሐፊዋ በተናገሩት ዓረፍተ ነገር ምክንያት ነው። እንዲያነሡት እንጠይቃለን።» ብዙ ደብዳቤዎች እዚህ ላይ ይበላሻሉ፤ ስድቡንና ግምገማውን አንድ ላይ ያወግዛሉ፣ ሰውየውም ስለ ኮዱ ትክክል መሆኑን እየተከራከረ ይኖራል። ስድቡ በተጻፈበት ቦታ ደግሞ ኮሚቴው ሁለት መስመር ይጻፍ፤ አስተያየቱ ከደንቡ ጋር እንደማይሄድ፣ ግምገማውም በሌላ ሰው እንደሚቀጥል። ይህ ለጀማሪዋ ብቻ ሳይሆን በዝምታ ለሚያነቡት ሁሉ ነው።

ከእኛ ዘንድ ተደጋግሞ የሚመጣ ፈተናም አለ። ወዲያው ሽማግሌ ሆነን ሁለቱን አስቀምጠን ይቅር ማባባል ይቀናናል። በሁለት አቻዎች መካከል ስለ ሥራ የተነሣ ጸብ ከሆነ ሽምግልና ከደብዳቤ ይሻላል። አንዱ የኮዱን በር የያዘ፣ ሌላዋ ገና የምትገባ ከሆነች ግን ዕርቁን እምቢ ማለት አትችልም። ተበዳዩ ራሱ ካልጠየቀ ፊት ለፊት አታገናኙ፣ የግዳጅ ይቅርታም አታስጽፉ።

በመጨረሻ ውሳኔውን ላመለከተችው ሰው ንገሯት። ብዙ ኮሚቴ ሥራውን በሚገባ ሠርቶ ይህን ይረሳል፤ እሷ ግን የምታየው ዝምታ ብቻ ነው።

7. መዝገብና እድሳት

ቀኑን፣ ነገሩንና ውሳኔውን ኮሚቴው ብቻ በሚያየው መዝገብ ጻፉ። ያለ መዝገብ ሦስተኛው ጥፋት ሁልጊዜ የመጀመሪያ ይመስላል። የፓይተን ፕሮግራሚንግ ቋንቋ ተጠቃሚዎች ትልቁ ጉባኤ ፓይኮን ዩኤስ እንደሚያደርገው፣ ስም ሳትጠሩ ስንት አቤቱታ እንደመጣና ምን እንደተወሰነ አልፎ አልፎ ለአባላቱ አሳውቁ።

ፕሮጀክቱን ብቻውን የሚመራ ሰው «እኔ ኮሚቴ ከየት ላምጣ?» ማለቱ አይቀርም። ኮሚቴ አያስፈልገውም፤ ከፕሮጀክቱ ውጭ ያለ፣ ሊቆጣው የሚችል አንድ ሰው ያስፈልገዋል። የሌላ ፕሮጀክት መሪን ይጠይቅና በእሱ ላይ የሚቀርብ አቤቱታ ለዚያ ሰው እንዲደርስ፣ እሱም በፋንታው በዚያ ሰው ላይ የሚቀርበውን እንዲቀበል ይስማሙ። ሁለተኛውን አድራሻ በደንቡ ውስጥ ከራሱ አድራሻ ሥር ያስፍር።