የአሮጌ መኪና ስፒከር ከመቀየርዎ በፊት፦ ችግርና መፍትሄ

አሮጌ ኮሮላ ወይም ቪትዝ ይዞ ድምፁ ያልጣመው ሰው ቶሎ የሚሮጠው አዲስ ስፒከር ወደመግዛት ነው። ጥፋቱ ግን ከሽቦው፣ ከቴፑ ወይም ከበሩ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ከኪስዎ ብር ሳይወጣ ድምፁ የት ላይ እንደሚበላሽ ይለዩ።

አንዱ ስፒከር ዝም አለ

በር ሲከፍቱና ሲዘጉ ድምፁ መጣ ሄድ ካለ ስፒከሩን አይንኩት። በበሩና በመኪናው አካል መሀል ባለው ጎማ ውስጥ የሚያልፈው ሽቦ ለዓመታት ሲታጠፍ ኖሮ ተበጥሷል። ጎማውን ገለጥ አድርገው ሽቦዎቹን አንድ በአንድ ሳብ ያድርጓቸው። ውስጡ የተበጠሰውን ሽቦ የያዘው ሽፋኑ ብቻ ስለሆነ እንደ ላስቲክ ይለጠጣል። አዲስ ሽቦ ይቀጥሉ፤ መቀጠያው ግን ከሚታጠፈው ቦታ ውጪ ይሁን።

በሩ ለውጥ ካላመጣና ዝም ያለው ለምሳሌ የግራው ከሆነ፣ የሚሠራውን የቀኝ ስፒከር ነቅለው በግራው ሽቦ ላይ ይሰኩት። ከሠራ የሞተው የግራው ስፒከር ነው። ካልሠራ ሽቦውን ወይም ቴፑን ይፈትሹ። በቴስተር ሲለካ 4 ኦም (የኤሌክትሪክ መቋቋሚያ መለኪያ) የተባለ ጤነኛ ስፒከር ከ3 እስከ 4 ያነባል። ምንም ካላነበበ መስመሩ ውስጡ ተቋርጧል፤ አብዛኛውን ጊዜ ኮይሉ (ወረቀቱን የሚያንቀሳቅሰው የሽቦ ጥቅል) ተቃጥሎ ነው።

ድምፁ ይንኮሻኮሻል

ድምፁን ዝቅ አድርገውም ከተንኮሻኮሸ ስፒከሩን ያውጡና ወረቀቱን በጣቶችዎ ዙሪያውን እኩል፣ ቀስ ብለው ይግፉት። ሲፋቅ ከተሰማ ኮይሉ ከቦታው ወጥቷል። ከኋላ መስታወት ሥር ያሉት ደግሞ ፀሐይ ስለሚያገኛቸው በዙሪያቸው ያለው ስፖንጅ ደርቆ ይፈረፈራል። ከሁለቱ አንዱም ቢሆን መቀየር ነው።

ከፍ ሲያደርጉት ብቻ ከሆነ ግን የቴፑ ጉልበት አልቆ ሊሆን ይችላል። ቴፕ ላይ «50 ዋት በ4» ተብሎ የሚጻፈው ለቅጽበት የሚደርስበት ጣሪያ ነው፤ ያለማቋረጥ የሚሰጠው ለእያንዳንዱ ስፒከር 20 ዋት አካባቢ ነው።

አዲሱ ስፒከር ከድሮው ያነሰ ድምፅ ሰጠ

ብዙ ሰው የሚከስረው እዚህ ላይ ነው። ካርቶኑ ላይ በትልቁ የተጻፈው 300 ዋት ስፒከሩ የሚችለውን እንጂ የሚያወጣውን ድምፅ አይነግርም። ያለ አምፕሊፋየር ከቴፕ በቀጥታ የሚያሠሩት ከሆነ መጀመሪያ የሚታየው ሴንሲቲቪቲ የሚባለው፣ ስፒከሩ በተሰጠው ጉልበት ምን ያህል እንደሚጮህ የሚናገረው፣ በዴሲቤል የሚጻፈው ቁጥር ነው። የ3 ዴሲቤል ልዩነት የእጥፍ ጉልበት ያህል ነው፤ 87 የሆነው ከ90 እኩል እንዲጮህ ሁለት እጥፍ ዋት ይፈልጋል። 90ና ከዚያ በላይ የሆነውን ይምረጡ። ከዋቶቹ ደግሞ አርኤምኤስ (RMS፣ ያለማቋረጥ የሚችለው) ከሚለው ሌላ አይመልከቱ።

ኦሙ 4 ይሁን። በአንድ መስመር ላይ ሁለት ባለ 4 ኦም ስፒከር ጎን ለጎን ማሰር ወደ 2 ኦም ያወርደዋል፤ ለ4 ኦም የተሠራ ቴፕም ይግላል።

ስፒከሩ አልገጥም አለ

በብዙ ቶዮታዎች የፊት በር ስፒከር 6.5 ኢንች ነው፤ ነገር ግን ከፕላስቲክ መያዣው ጋር አንድ ላይ ስለተሠራ ከገበያ የሚገዛው ቀዳዳው ላይ አይገጥምም። ማስተካከያ ቀለበት ያስፈልገዋል። በሩ ውስጥ ውሃ ስለሚወርድ ከእንጨት ቀለበት የፕላስቲኩን እመርጣለሁ። ከመግዛትዎ በፊት መስታወቱን እስከ ታች አውርደው ወደ ውስጥ ያለውን ጥልቀት ይለኩ፤ ማግኔቱ መስታወቱን ከነካ የሚሰበረው መስታወቱ ነው።

ቤዝ የለውም

አንደኛው ስፒከር ፖዘቲቭና ኔጋቲቩ ተገልብጦ ሊሆን ይችላል፤ ግራና ቀኙ ሲቃረኑ ቤዙን ያጠፉታል። የ1.5 ቮልት ባትሪ በስፒከሩ ሽቦ ላይ ለቅጽበት ያስነኩ፤ ወረቀቱ ወደ ውጭ ከወጣ የባትሪው ፖዘቲቭ የነካው ፖዘቲቩ ነው። ሌላው ምክንያት ሠራተኛው ቀዶ የጣለው የበሩ ውስጥ ላስቲክ ነው። እሱ ከሌለ ቤዙ ይፈሳል፣ ውሃም የስፒከሩን ወረቀት ያበሰብሳል። መልሰው ያስለጥፉት፤ በስፒከሩ ጠርዝና በበሩ መሀልም ስስ ስፖንጅ ያስገቡ።

ቴፑ ሲቀየር ይጠፋል ወይም ይግላል

በጣም አሮጌ መኪኖች፣ በኮሮላ ዲኤክስ ዘመን የነበሩት፣ የስፒከሮቹ ኔጋቲቭ አንድ ላይ ወይም ከማሳ (ከመኪናው ብረት) ጋር የታሰረባቸው አሉ። የዛሬ ቴፕ ይህን አይችልም፤ ሊቃጠልም ይችላል። ለእያንዳንዱ ስፒከር ከቴፑ ጀምሮ ሁለት አዲስ ሽቦ ይዘርጉ።

ስፒከሩን የማይመለከቱ

ነዳጅ ሲረገጥ አብሮ የሚወጣ ፉጨት የዲናሞው ነው፤ የቴፑን ማሳ ንጹሕ ብረት ላይ ያሳስሩ። ከጃፓን የመጣ የቆየ ቴፕ ደግሞ ከ76 እስከ 90 ሜጋኸርዝ ብቻ ስለሚይዝ ሸገር 102.1ን አያገኝም፤ መፍትሄው ባንድ ኤክስፓንደር (የጣቢያውን ሞገድ ቴፑ ወደሚይዘው የሚያወርድ ትንሽ መሣሪያ) ወይም ሌላ ቴፕ ነው።