ሐዋሳ ላይ ለትንሽ ልጅ ጥሩ የዋና አሰልጣኝ እንዴት ይገኛል?

ሐዋሳ ውስጥ ዋና የሚችል ሰው ሞልቷል። ሐይቁ ዳር ያደገ ጎረምሳ አንገቱን ቀና አድርጎ፣ ውኃውን በእጁ እየመታ፣ እንደምንም ብሎ ይዋኛል። የሚቸግረው የ5 ወይም የ6 ዓመት ልጅ ትንፋሹን ከእጁ ጋር አስማምቶ እንዲዋኝ የሚያስተምር ሰው ማግኘቱ ነው። ስለዚህ «እሱ እኮ እንደ ዓሣ ነው የሚዋኘው» ተብሎ የተጠቆመ ሰው ሁሉ አሰልጣኝ ነው ብለው አይቀበሉ።

1. ሐይቁን ለእይታ ይተዉት

ሐይቁ ዳር አሞራ ገደል በሚባለው ቦታ ልጆች ሲንቦጫረቁ አይተው «እዚሁ ቢለምድስ?» ማለትዎ አይቀርም። ግን ሐይቁ ቢልሃርዚያ አለበት፤ ጉማሬም አለበት። ውኃው ድፍርስ ስለሆነ የልጁ እግር የት እንዳረፈ እንኳ አይታይም። የእጅና የእግር አጣጣልን ለማረም ደግሞ አሰልጣኙ የልጁን ሰውነት ከውኃ በታች ማየት አለበት። ስለዚህ ፍለጋው ገንዳ ካላቸው ቦታዎች ይጀምር፤ ኃይሌ ሪዞርትን የመሰሉ ሐይቅ ዳር ያሉ ሪዞርቶችና ሆቴሎች ገንዳ አላቸው። ሲደውሉ የመግቢያው ዋጋ ከትምህርቱ ዋጋ ጋር አብሮ ይሁን ለብቻው አስቀድመው ይጠይቁ፤ ብዙ ወላጅ የሚናደደው በዚህ ነው።

2. ከአሰልጣኙ በፊት ገንዳውን ይዩ

ከዳር ቆመው ጥልቁ ቦታ ላይ ያለው የውኃ መውረጃ ክዳን ጥርት ብሎ ካልታየዎት ልጅዎን አያስገቡ። ክዳኑ የተሰበረ ወይም የላላ ከሆነም እንዲሁ፤ ረጅም ፀጉር ይስባል፣ ይይዛል። የሆቴል ገንዳ አብዛኛውን ጊዜ ለአዋቂ የተሠራ ስለሆነ ልጅዎ ቆሞ ውኃው ከደረቱ የማያልፍበት ቦታ መኖሩን ያረጋግጡ። እግሩ መሬት የማይነካ ጀማሪ ልጅ ሐሳቡ ሁሉ ላለመስጠም ነው፤ ስለ ስልት ቢነግሩት አይሰማም።

3. ሳይከፍሉ አንድ ሙሉ ክፍለ ጊዜ ተቀምጠው ይመልከቱ

ይህን እርምጃ አይዝለሉት። ማኪያቶ አዝዘው ጥላ ሥር ይቀመጡና ከልጆቹ አንዱን መርጠው ዓይንዎን ከእሱ ላይ አይንቀሉ። በ30 ደቂቃ ውስጥ ልጁ ስንቱን ደቂቃ በእንቅስቃሴ ላይ ዋለ? 10 ልጆች የገንዳውን ጠርዝ ይዘው ተራ እየጠበቁ በብርድ የሚንቀጠቀጡ ከሆነ ገንዘቡ የሚከፈለው ተራ ለመጠበቅ ነው። ለዚህ ዕድሜ ለአንድ አሰልጣኝ 4 ልጅ ጥሩ ነው፤ ከ6 ካለፈ በዝቷል።

አሰልጣኙ ያለው የት ነው? ፊሽካ ይዞ ዳር ላይ የሚራመድ ከሆነ ለታላላቆቹ ይሆን ይሆናል፤ ለጀማሪ ሕፃን ግን ውኃ ውስጥ መግባት አለበት። የጀርባ ቀዘፋ ሲያስተምር እጁን ይመልከቱ። ጎበዙ መዳፉን ከልጁ ጭንቅላት ሥር ያደርጋል፤ የልጁ ጆሮዎች ውኃ ውስጥ ገብተው ሆዱ ወደ ላይ ብቅ እስኪል ይጠብቃል፤ ከዚያ መዳፉን ቀስ እያለ ዝቅ ያደርጋል። ልጁ ብቻውን መንሳፈፉን የሚያውቀው ዘግይቶ ነው።

ነፃ ቀዘፋ (በሆድ ተኝቶ እጅን እያፈራረቁ መዋኘት) ላይ ደግሞ የልጁን ጭንቅላት ይከታተሉ። ለመተንፈስ ጭንቅላቱን ወደ ፊት ቀና ካደረገ ወገቡና እግሩ ይሰምጣሉ፤ ከዚያ በኋላ በእጁ ቢፍጨረጨርም ወደ ፊት አይሄድም። አንገቱን ወደ ጎን አዙሮ፣ አንዱ ጉንጩ ውኃው ላይ እንደተኛ ነው አየር መሳብ ያለበት። አየሩን የሚያስወጣው ፊቱ ውኃ ውስጥ እያለ፣ አረፋ እያወጣ ነው። እግሩም ብስክሌት እንደሚነዳ ሰው ከጉልበቱ ሳይሆን ከዳሌው መንቀሳቀስ አለበት፤ ቁርጭምጭሚቱ ልል ይሁን። አሰልጣኙ እነዚህን ስህተቶች እያየ «ጎበዝ! ጎበዝ! በርታ!» ብቻ የሚል ከሆነ ማኪያቶዎን ጨርሰው ይሂዱ።

4. የትምህርቱን ቅደም ተከተል ያስረዳዎት

አረፋ ማውጣት፣ መንሳፈፍ፣ እጅን ከጆሮ ጋር አጣብቆ ተዘርግቶ መንሸራተት፣ እግር፣ መጨረሻ ላይ እጅና ትንፋሽ። ከዚያ ነፃ ቀዘፋና የጀርባ ቀዘፋ ጎን ለጎን ይሄዳሉ። የደረት ቀዘፋ ቀላል ቢመስልም ሁለቱ እግሮች እኩል ታጥፈው፣ የእግር መዳፋቸው ወደ ውጭ ዞሮ መግፋት ስላለበት ለትንሽ ልጅ ከባድ ነው። ሁለቱን እጆች አንድ ላይ ከውኃ እያወጡ የሚዋኙበትን የቢራቢሮ ቀዘፋ ይርሱት፤ በመጀመሪያው ወር ቢራቢሮ አሳያለሁ የሚል ሰው ወላጅ ሊያስደምም ነው የፈለገው።

ክንድ ላይ የሚታሰረውን ፊኛ ሁልጊዜ የሚጠቀም ቦታም አይመቸኝም። ልጁን ውኃ ውስጥ ቀጥ አድርጎ ያቆመዋል፤ ለዋና ግን መተኛት ነው የሚያስፈልገው።

5. አንድ ጥያቄ ይጠይቁ

«ልጄ ውኃ ይፈራል፤ ምን ታደርጋለህ?» ይበሉት። «እንወረውረዋለን፣ በዚያው ይለምዳል» ካለ አመስግነው ይውጡ። ከ4 ዓመት በታች ለሆነ ልጅ ስልት አስተምራለሁ ካለም ይጠራጠሩ፤ አብዛኛው ልጅ ለእንዲህ ዓይነቱ ትምህርት የሚደርሰው 4 ዓመት ገደማ ሲሞላው ነው። ነፍስ አድን ሥልጠና ወስዶ እንደሆነ፣ ሕፃን ላይ የልብና የትንፋሽ እርዳታ መስጠት ይችል እንደሆነም ይጠይቁ። ወላጅ መመልከት አይችልም የሚባልበት ቦታ ልጅ አይተውም፤ ምክንያቱ ምንም ይሁን።

6. ሰዓትና ዕቃ

ትምህርት ቤት የሚዘጋው በክረምት ስለሆነ ሁሉም የሚመዘገበው ሐምሌና ነሐሴ ነው፤ ገንዳው የሚቀዘቅዘውም ያኔ ነው። ማሞቂያ የሌለው ገንዳ ሌሊቱን ቀዝቅዞ ስለሚያድር የጠዋቱን 2 ሰዓት ትተው የከሰዓቱን ይምረጡ። ከንፈሩ ከጠቆረ ወይም ጥርሱ ከተንቀጫቀጨ ክፍለ ጊዜው ባያልቅም ይውጣ። ለዕቃው ልኩ የሆነ የዋና መነጽር፣ ፎጣና ከውኃ ሲወጣ የሚደርበው ጋቢ ይበቃል።

7. የወሩን አንድ ላይ አይክፈሉ

በመጀመሪያ ለሁለት ወይም ለሦስት ክፍለ ጊዜ ብቻ ይክፈሉ። ልጁ ያለ እርዳታ መዋኘት ከጀመረ በኋላ የገንዳውን ወርድ ሲያቋርጥ ስንት ጊዜ እንደቀዘፈ ቆጥረው ስልክዎ ላይ ይጻፉ፤ ከወር በኋላ እዚያው ቦታ ላይ ደግመው ይቁጠሩ። ቁጥሩ ከቀነሰና ልጁ እየተንሸራተተ ከሄደ ስልቱ እየገባው ነው። ፍጥነቱን አይመልከቱ። ቁጥሩ ካልቀነሰ ግን አሰልጣኙን «ምኑን እያረምክለት ነው?» ብለው ይጠይቁት፤ ጥሩ አሰልጣኝ የእያንዳንዱን ልጅ ጉድለት በአንድ ዐረፍተ ነገር ይነግርዎታል።