ሰርተፍኬት መግዛት ወይስ ራስ መፈረም? ለድረ ገጽዎ እንዴት እንደሚመርጡ

ሰርተፍኬት ማለት ገጹ በእርግጥ የባለቤቱ መሆኑን ለብራውዘር የሚመሰክር፣ በገጹና በጎብኚው መካከል የሚያልፈውም መረጃ እንዲመሰጠር የሚያገለግል ፋይል ነው። ብዙ ሰው ሲጠይቀኝ «የትኛው ይበልጥ ጠንካራ ነው?» ይለኛል። በገንዘብ የተገዛውም፣ በነፃ የተገኘውም፣ በገዛ ሰርቨርዎ የፈረሙትም መረጃውን እኩል ይመሰጥራሉ። የሚለያዩት በዋሳቸው ነው። ራስዎ የፈረሙት ሰርተፍኬት ቀበሌ ማኅተም ያላደረገበት፣ ባለቤቱ የጻፈው መታወቂያ ማለት ነው፤ የሚያውቅዎ ይቀበለዋል፣ የማያውቅዎ በር ላይ ያቆምዎታል።

1. ገጹን ማን እንደሚከፍተው ይለዩ። ደንበኛ ወይም ወላጅ ከገዛ ስልኩ የሚገባበት ከሆነ ራስ የፈረሙትን ይተዉት፤ ብራውዘሩ ማስጠንቀቂያ ያወጣል። «ግድ የለም፣ እለፈው» ብለው ሰውን እንዳያስለምዱ አደራ። ይህን የለመደ ሰው ነገ ሌባ የባንኩን ገጽ አስመስሎ ሲመጣበትም ያልፈዋል።

2. ለሕዝብ ክፍት ለሆነ ገጽ ሌትስ ኢንክሪፕት ከተባለው ሰርተፍኬት ሰጪ ድርጅት ይጀምሩ። እ.ኤ.አ. ከ2015 መጨረሻ ጀምሮ ለማንም በነፃ ይሰጣል፣ ዋና ዋናዎቹ ብራውዘሮችም ያምኑታል። ሰርተፍኬቱን የሚያመጣውንና የሚያድሰውን ሰርትቦት የተባለ ፕሮግራም ሰርቨሩ ላይ ይጫኑ፣ ፖርት 80 (ድረ ገጽ የሚገባበት የሰርቨሩ በር) ከውጭ ክፍት መሆኑን ይዩ፣ የዶሜይን ስምዎን (የድረ ገጽዎን አድራሻ) ይስጡት። መደበኛው ሰርተፍኬት የሚቆየው 90 ቀን ብቻ ስለሆነ እድሳቱን በሙከራ አሂደው ይፈትሹ። ገጾች በድንገት የሚዘጉት አብዛኛውን ጊዜ እዚህ ላይ ነው።

3. መክፈል የሚያስፈልገው የድርጅትዎ ሕጋዊ ስም ተጣርቶ ሰርተፍኬቱ ላይ እንዲሰፍር ውል ሲያስገድድዎ፣ ወይም ችግር ሲገጥም ደውለው የሚያነጋግሩት ሰው ሲፈልጉ ነው። ከኢትዮጵያ ሆኖ ለሚገዛ የውጭ ምንዛሪው ጣጣ አለ። ገዝቶ መርሳትም ቀርቷል፤ ረጅሙ ዕድሜ እ.ኤ.አ. ከመጋቢት 2026 ጀምሮ 200 ቀን ነው፣ በ2027 ወደ 100፣ በ2029 ወደ 47 ቀን እንዲወርድ ተወስኗል።

4. ለቢሮ ውስጥ ዕቃ ራስዎ ይፈርሙ። ፕሪንተሩ፣ ራውተሩ፣ በ192.168 በሚጀምር አድራሻ የሚከፈተው የሂሳብ ሰርቨር በዚህ ውስጥ ናቸው። እንዲህ ላለው የውስጥ አድራሻ ብራውዘሮች የሚያምኑት ድርጅት ሰርተፍኬት መስጠት አይፈቀድለትም፣ ቢከፍሉም አያገኙም።

ሰርተፍኬቱን ኦፕን ኤስኤስኤል በተባለው ነፃ ፕሮግራም ሲሠሩት ስሙን ወይም የአይፒ አድራሻውን «ተለዋጭ ስም» በሚባለው ቦታ ማስገባት አይርሱ፤ ክሮም እ.ኤ.አ. ከ2017 ወዲህ ዋናውን ስም ብቻ አይቶ አይቀበልም። ከዚያ ሰርተፍኬቱን በየኮምፒውተሩ የታመኑ ዝርዝር ውስጥ ይጫኑ። ማስጠንቀቂያው ይጠፋል፣ ሠራተኛውም ማለፍን አይለምድም።

ዕቃው ከሦስት ከአራት ከበለጠ እያንዳንዱን ለየብቻ መጫን ያደክማል። አንድ የቢሮ ሥር ሰርተፍኬት ሠርተው ሌሎቹን በእሱ ይፈርሙ፣ በየኮምፒውተሩ የሚጫነውም እሱ ብቻ ይሁን። የሥሩን ሚስጥራዊ ቁልፍ (የሚፈርሙበትን ፋይል) ግን ከኔትወርክ አውጥተው በፍላሽ ላይ ያስቀምጡትና ይቆልፉበት፤ እሱን ያገኘ ሰው በእነዚያ ኮምፒውተሮች ፊት ማንኛውንም ገጽ፣ ባንክዎንም ጭምር፣ መስሎ ሊቀርብ ይችላል።