ለልጆች የጣና ማስታወሻ እንዴት ይገዛል?

ቤተሰብ ይዞ ባሕር ዳር መሄድ ደስ ይላል። ችግሩ የሚጀምረው ከጀልባ ሲወረድ ነው። "ማሚ፣ ይሄን ግዢልኝ!" "ባባ፣ ያንንም!" ልጅ ያየው ሁሉ ያምረዋል፤ ሱቅ በደረቴውም ይህን አሳምሮ ያውቃል። ስለዚህ ግዢው የሚጀመረው እዚያ ሳይሆን ቤት ውስጥ ነው።

ከመነሳታችሁ በፊት ለእያንዳንዱ ልጅ ገንዘቡን ለይታችሁ ስጡ። ታላቅ ታናሽ ሳትሉ እኩል ይሁን፤ አለበለዚያ ጭቅጭቁ እስከ አዲስ አበባ ድረስ ይከተላችኋል። ብሩ ዝርዝር ይሁንና በራሱ እጅ ይያዝ። ካለቀ አለቀ። ልጅ የእናቱን ብር ሲያወጣና የራሱን ሲያወጣ አንድ አይደለም። "ምን ይዛችሁልን መጣችሁ?" የሚሉትን የአክስትና የአጎት ልጆችም አስቀድማችሁ ቁጠሩ። የነሱ በጀት ለብቻው ይቀመጥ።

ስትሄዱ እዩ፣ ስትመለሱ ግዙ

ዘጌ ከጀልባው ወርዳችሁ ወደ ኡራ ኪዳነ ምሕረት ስትወጡ መንገዱ በጫካ ውስጥ ነው፤ ከዛፎቹ ሥር ቡና ይታያል። ዳር ዳሩን ደግሞ ዕቃ የዘረጉ ሻጮች አሉ። ስትወጡ ምንም አትግዙ። ዕቃ ተሸክሞ ዳገት መውጣት አለ፤ ትንሹ ልጅ ደግሞ "እዘሉኝ" ማለቱ አይቀርም። "ስንመለስ" ካላችሁ ግን ስትመለሱ የምር ቆም በሉ። ሻጮቹ አይረሱም፤ "ስንመለስ ብለሽኝ ነበር እኮ" ይሏችኋል።

ጢስ ዓባይም ያው ነው። ልጆቹ መጀመሪያ ፏፏቴውን ይዩ። ዘጌ ለመሄድ ጊዜ የሌለው ሰው ከተማው ውስጥ ገበያ ይውጣ፤ ስፌትም አገልግልም ያገኛል። ወደ ጎንደር ወይም ወደ ደብረ ታቦር የምትቀጥሉ ከሆነ ደግሞ ከወረታ ወደ ደብረ ታቦር በሚወስደው መንገድ የአውራምባ ማኅበረሰብ መንደር አለ። የማኅበረሰቡ አባላት ሸማ ሲሠሩ ልጆቹ በዓይናቸው ማየት ይችላሉ።

ምን ይገዛ?

ልጁ ሲሠራ ወይም ሰው ሲጠቀምበት ያየውን ዕቃ ግዙለት። የትም የሚገኝ የፕላስቲክ መኪና ከባሕር ዳር ተሸክሞ መመለስ ምን ይሉታል?

የኔ ምርጫ ትንሿ ታንኳ ናት። ልጆቹ ሐይቁ ላይ ዓሣ አጥማጅ በእውነተኛው የደንገል ታንኳ ሲቀዝፍ አይተዋል፤ ይቺ የዚያ ታንኳ ልጅ ናት። ስትመርጡ ጫፍና ጫፏን ይዛችሁ በቀስታ ጠምዘዝ አድርጓት። ማሰሪያው ከተንሸራተተ ሌላ አንሱ። አረንጓዴነቱ ያልለቀቃት ከሆነች ገና አልደረቀችም፤ ፌስታል ውስጥ ትሻግታለች። ቤት ስትደርሱ ልጆቹ ገበቴ ውስጥ ሊያንሳፍፏት ነው፤ አትከልክሏቸው። ደንገል ግን ውስጡ እንደ ስፖንጅ ነው፣ ውኃ ይመጥጣል። ትልቁም ታንኳ ከሐይቁ ወጥቶ ፀሐይ ላይ የሚቆመው ለዚህ ነው። እናንተም ተጫውተው ሲያበቁ አውጥታችሁ በደንብ አድርቋት።

ቀጥሎ ስፌት። ሙዳይ የጸጉር ጌጥ፣ ሳንቲም፣ እርሳስ፣ ምኑንም ይይዛል። ጣታችሁን በውኃ ነክራችሁ ቀለም የተነከረውን አለላ ከታች በኩል አሸት አድርጉት። ቀለሙ ጣታችሁ ላይ ከወጣ የልጅ ልብስ ላይም ይወጣል። ትንሽ አገልግል ካገኛችሁ ደግሞ ጎበዝ የምሳ ዕቃ ናት። ከመክፈላችሁ በፊት ግን አሽትቷት። በደንብ ያልለፋ ቆዳ ሽታው ቶሎ አይለቅም፤ ቆዳ ላይ የተሣለ ሥዕልም ስትገዙ እንዲሁ አድርጉ።

ዋሽንት ለሚፈልግ ልጅ ርዝመቱን እዩ። ረጅሙ ያምራል፣ የልጅ ጣት ግን ቀዳዳዎቹ ላይ አይደርስም። ሻጩ ነፍቶ ያሰማችሁ፣ ከዚያ አፉን ጥረጉት። ትንንሾቹ ክራርና ማሲንቆ ብዙዎቹ ለጌጥ የተሠሩ ናቸው፤ ድምፅ ከፈለጋችሁ እዚያው መታ መታ አድርጉ። ነሐሴ ላይ ከሄዳችሁ ለቡሄ የሚሆን ጅራፍ ሊያምራቸው ይችላል። ኮንዶሚኒየም የምትኖሩ ከሆነ ከጎረቤት ጋር ያላችሁን ፍቅር አስቡበት።

ከሦስት ዓመት በታች ላሉት ጨሌም ሆነ ሌላ ሊዋጥ የሚችል ትንሽ ነገር ይቅር። ጨርቅ ይበቃቸዋል።

ዋጋ ላይ

ልጁ ዕቃውን አቅፎ ከቆመ በኋላ ዋጋ አይቀንስም። ስለዚህ መጀመሪያ ዕቃው መደቡ ላይ ይመለስ፣ ከዚያ ይጠየቅ። የሚጠይቀው ደግሞ ልጁ ራሱ ይሁን። "እማማ፣ ለኔ ስንት ይሸጡልኛል?" ሲል ብዙዎቹ ሳቅ ብለው ይቀንሱለታል። ሦስት አራት ዕቃ ከአንድ ሰው ስትገዙም ይቀነሳል። ይሁንና በጣም አትከራከሩ። አንዲት ሙዳይ ተሰፍታ እስክታልቅ ስንት ቀን እንደምትፈጅ ሰፊዋን ራሷን ጠይቋት፤ ልጆቹም ይስሙ።

ስትመለሱ

ታንኳና ስፌት ሻንጣ ውስጥ ይጨፈለቃሉ፤ በእጅ ይያዙ። ሙዳይዋን ካልሲ ሙሏት፣ ቅርጿን ትጠብቃለች። የቆዳ ዕቃ ከልብስ ተለይቶ በወረቀት ይጠቅለል። በአውሮፕላን የምትመለሱ ከሆነ ልጁ የመረጠው ትንሽ ጦር ወይም ጎራዴ ወደ ሚጫነው ሻንጣ ይግባ፤ እጁ ላይ ከተገኘ ፍተሻው ጋ ይቀራል፣ ለቅሶውም እዚያው ነው።

ከውጭ አገር የመጣችሁ ደግሞ "ጥንታዊ ነው" የሚባል መስቀል ወይም ብራና ለልጅ ብላችሁ አትግዙ። ቅርስ ያለ ፈቃድ ከአገር አይወጣም፤ ፈቃዱን የሚመለከተውም የኢትዮጵያ ቅርስ ባለሥልጣን ነው። አዲስ የተሠራውን ግዙ፤ ደረሰኝ ካለ ከፓስፖርታችሁ ጋር አስቀምጡት።