አክሰስ ሪፖርት በራሱ ሲልክ አውትሉክ ፍቃድ እየጠየቀ ካስቆመባችሁ

አክሰስ የማይክሮሶፍት ዳታቤዝ መስሪያ ነው፣ አውትሉክ ደግሞ የኢሜይል ፕሮግራሙ። ምልክቱ ይሄ ነው። የአክሰስ ዳታቤዙ ሪፖርቱን ፒዲኤፍ አርጎ ማታ እንዲልክ ሰርታችኋል፣ ፊቱ ቁጭ ብላችሁ ስትሞክሩት ይሄዳል፣ ጠዋት ስትገቡ ግን ምንም አልሄደም፣ ስክሪኑ ላይ "አንድ ፕሮግራም በስምህ ኢሜይል ሊልክ ነው" የሚል ሳጥን ተገትሮ አላው (ፍቀድ) ወይ ዴናይ (ከልክል) እስክትሉት ይጠብቃል። እኔ ጋ የሽያጭ ሪፖርት ሦስት ቀን እንዲህ ቆሞ አለቃዬ ደውሎ ነው የሰማሁት፣ በጣም ነው የደነገጥኩት።

ኮዳችሁ አልተበላሸም። በ2000 አይላቭዩ የሚባለው ቫይረስ አውትሉክ ውስጥ ላለው አድራሻ ሁሉ ራሱን እየላከ ከተዛመተ በኋላ ማይክሮሶፍት ሌላ ፕሮግራም በአውትሉክ ሲልክ እንዲጠይቅ አደረገው። ከአውትሉክ 2007 ወዲህ አንቲቫይረሱ አፕዴት ከሆነ አይጠይቅም፣ ስለዚህ መጀመሪያ ፋይል፣ ኦፕሽንስ፣ ትረስት ሴንተር ገብታችሁ ፕሮግራማቲክ አክሰስ (ሌላ ፕሮግራም አውትሉክን ሲጠቀም የሚቆጣጠረው ቦታ) የሚለውን እዩ፣ ከስር የአንቲቫይረሱ ሁኔታ ቫሊድ ካላለ ችግሩ እሱ ነው፣ አፕዴት አርጉት። እዛው "ነቨር ዋርን ሚ" (በፍጹም አትጠይቀኝ) የሚል አለ፣ አድሚን ሆናችሁ ካልከፈታችሁት አይነካም፣ እባካችሁ ተዉት፣ ለእናንተ ሪፖርት ብላችሁ የከፈታችሁት በር ለቫይረሱም ክፍት ነው። አላው የሚለውን ቁልፍ በራሳቸው የሚጫኑላችሁ ፕሮግራሞችም ያው ናቸው።

እኔን የገላገለኝ አውትሉክን ጭራሽ መተው ነው። ኮዳችሁ ውስጥ በአውትሉክ የሚልከውን ዱሲኤምዲ ሴንድኦብጀክት (DoCmd.SendObject) የሚለውን መስመር አውጥታችሁ በአውትፑትቱ (DoCmd.OutputTo) ፒዲኤፉን ፎልደር ላይ ሴቭ አርጉ፣ ከዛ ሲዲኦ ሜሴጅ (CDO.Message፣ ከኮድ ኢሜይል መላኪያ) ላይ አታች አርጋችሁ በቀጥታ በኤስኤምቲፒ (በኢሜይል መላኪያው ሰርቨር) ላኩት፣ ሲዲኦ ዊንዶውሱ ውስጥ ስላለ የሚጫን ነገር የለም። አዲሱ አውትሉክ ከአክሰስ ኮድ ትእዛዝ ስለማይቀበል መቼም ወደዚህ መምጣታችሁ አይቀርም።

በጂሜይል ከሆነ ፖርቱ (የሰርቨሩ መግቢያ ቁጥር) 465፣ ኤስኤስኤሉ (መልእክቱን የሚቆልፈው) ትሩ ይሁን። 587 ላይ አትድከሙ፣ ሲዲኦ እዛ ፖርት ላይ ስታርትቲኤልኤስ (ግንኙነቱ ከተጀመረ በኋላ መቆለፍ) አይሆንለትም፣ እኔ ግማሽ ቀን ያቃጠልኩት እዚህ ነው። "ፓስወርድ ትክክል አይደለም" ካለ ደግሞ ከ2022 ወዲህ የተለመደው ፓስወርድ በዚህ መንገድ አይሰራም፣ የጉግል አካውንታችሁ ላይ ቱ ስቴፕ (ሁለት ደረጃ ማረጋገጫ) አብርታችሁ 16 ፊደል ያለውን አፕ ፓስወርድ አውጡ፣ ለሪፖርት ብቻ የሚሆን አካውንት ብትከፍቱ ይሻላል ምክንያቱም ኮዱን የሚያይ ሰው ፓስወርዱንም ያያል።

ዳታው ኤስኪውኤል ሰርቨር ላይ ከሆነ ዳታቤዝ ሜይል አለ፣ ሰርቨሩ ራሱ ይልካል።

ሳጥንም ሳይመጣ ካልሄደስ? ፋይሉ ትረስትድ ሎኬሽን (ትረስት ሴንተር ላይ ታማኝ ተብሎ የተመዘገበ ፎልደር) ውስጥ ካልሆነ አክሰስ ኮዱን ዘግቶት ነው የሚከፍተው፣ እሱን እዩ። ሰዓቱንም እዩ። ጠዋት 2 ሰዓት ይላክ ብሎ ታስክ ስኬጁለር (ዊንዶውስ ላይ ስራ በሰዓቱ የሚያስጀምረው) ላይ 2:00 ኤኤም የሞላ ሰው አውቃለሁ፣ እሱ ለኛ ሌሊት 8 ሰዓት ነው፣ ኮምፒውተሩም ጠፍቷል፣ መሞላት ያለበት 8:00 ኤኤም ነበር።