ለኃይለኛ ኤስዩቪ የፍሬን ሸራ ሲገዙ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

መንግሥት በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ ከከለከለ ወዲህ፣ በአዲስ አበባ ጎዳናዎች የምናያቸው ፖርሽ ካየኖች፣ ኤኤምጂ መርሴዲሶች፣ ሬንጅ ሮቨር ስፖርቶችና ኤስአርቲ ጂፖች በባለቤቶቻቸው እጅ ከቀድሞው ረዘም ላለ ጊዜ መቆየታቸው የማይቀር ነው። መኪና በቆየ ቁጥር የፍሬን ሸራው ደጋግሞ ይቀየራል፤ ከመጀመሪያው ቅያሪ በኋላም ሸራውን የሚመርጠው ፋብሪካው መሆኑ ይቀርና ባለቤቱ፣ መካኒኩ ወይም ባለ ሱቁ ይሆናል።

እነዚህ መኪኖች አብዛኞቹ ከሁለት ሺህ ኪሎ በላይ ይመዝናሉ፤ ይህን ክብደት ይዘውም እንደ ስፖርት መኪና ይከንፋሉ። የእንቅስቃሴ ጉልበት የሚያድገው በፍጥነቱ ስኩዌር ስለሆነ፣ በሰዓት 140 ኪሎ ሜትር የሚሮጥን መኪና ማቆም በ100 የሚሮጠውን ከማቆም እጥፍ ያህል ሙቀት ይፈጥራል። ይህ ሙቀት የሚወለደው ዲስኩና ሸራው በሚነካኩበት ቦታ ላይ ነው። ለትንሽ የከተማ መኪና ብዙም ጉዳት የማያስከትል የምርጫ ስህተት ለእነዚህ መኪኖች አደገኛ የሚሆነውም በዚህ ምክንያት ነው።

በመኪናው ስምና በሞዴል ዓመቱ ብቻ መግዛት

ሶማሌ ተራ ውስጥ በየቀኑ የሚሰማ ንግግር አለ። ገዢው "የካየን የፊት ሸራ አለ?" ይላል፤ ባለ ሱቁ "የስንት ሞዴል ነው ጋሼ?" ብሎ ይጠይቃል፤ "2019" የሚል መልስ ሲሰጠው ካርቶኑን ከመደርደሪያ ያወርዳል። ንግግሩ እዚህ ላይ ካበቃ ገዢው ይዞ የሚሄደው ዕቃ ልክ የመሆኑ ነገር የዕድል ጉዳይ ነው። በ2017 እ.ኤ.አ. የወጣው ሦስተኛው ትውልድ ካየን የፊት ዲስኩ በመደበኛው ዓይነት 350 ሚሊ ሜትር፣ ኤስ በሚባለው 390፣ በቱርቦው 415፣ ካርቦን ሴራሚክ ፍሬን በታዘዘለት ደግሞ 440 ሚሊ ሜትር ነው። አንድ ስምና አንድ ዓመት ይዘው የወጡ መኪኖች አራት የተለያዩ የፊት ፍሬኖች አሏቸው ማለት ነው። ጂፕ ግራንድ ቼሮኪም እንዲሁ ነው፤ የኤስአርቲው ዓይነት የብሬምቦ ባለ ስድስት ፒስተን የፊት ካሊፐር (ሸራውን ዲስኩ ላይ የሚጫነው ክፍል) ሲኖረው፣ የተራው ግራንድ ቼሮኪ ሸራ ለእርሱ በምንም መልኩ አይገጥምም።

ትክክለኛው አካሄድ ሊብሬው ላይ ያለውን ባለ 17 አሃዝ የሻንሲ ቁጥር ይዞ የክፍሉን ቁጥር ማስፈለግ ነው። ይህም ብቻውን የማይበቃበት ጊዜ አለ። ከዱባይ ያገለገሉ ሆነው ከገቡት መኪኖች መካከል ካሊፐራቸውና ዲስካቸው እዚያው ሳሉ በሌላ የተተካ ሊኖር ስለሚችል፣ የሻንሲ ቁጥሩ የሚናገረውና ቸርኬው ውስጥ ያለው ነገር ላይጣጣሙ ይችላሉ። ስለሆነም ጎማው ወልቆ ዲስኩ በሜትር ይለካ፤ አሮጌው ሸራም ወደ ሱቅ ይወሰድና የሸራው ቁስ የተጣበቀበት የጀርባ ብረት ከአዲሱ ጋር ጀርባ ለጀርባ ይገጣጠም። ጆሮው፣ የሴንሰሩ ቀዳዳና ውፍረቱ ካልገጠሙ፣ ባለ ሱቁ "በሞላ አስነክተው ያስገቡታል" ቢልም መቀበል አይገባም። በሞላ የተፋቀ የጀርባ ብረት ካሊፐሩ ውስጥ ወይ ይላላል ወይ ይጣበቃል።

"ሴራሚክ" የሚለው ቃል ሲያምታታ

ከሁሉም የበለጠ ገንዘብ የሚያስከፍለው ስህተት ይህ ይመስለኛል። በሱቆቻችን "ሴራሚክ ሸራ" እየተባለ የሚሸጠው የሴራሚክ ጭረቶች የተቀላቀሉበት፣ ድምፁ ዝቅ ያለና ቸርኬን ብዙም በአቧራ የማያጠቁር፣ ለተራ የብረት ዲስክ የተሠራ ሸራ ነው። ካርቦን ሴራሚክ የሚባለው ግን ዲስኩ ራሱ ነው። ለብረት ዲስክ የተሠራን ሸራ በካርቦን ሴራሚክ ዲስክ ላይ መግጠም የዲስኩን ፊት ያበላሻል፤ የዲስኩ ዋጋ ደግሞ ከሸራው ጋር ለንጽጽር እንኳ አይቀርብም።

ካየን ላይ ነገሩን የሚያወሳስብ ሦስተኛ ዓይነትም አለ። ከ2017 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ፖርሽ በዚሁ መኪና ላይ ያስተዋወቀው፣ የብረት ዲስኩ በተንግስተን ካርባይድ ስስ ሽፋን የተለበጠበት ፍሬን ነው። ይህም የራሱ ሸራ አለው። በፖርሽ ልማድ ነጭ ካሊፐር የዚህ፣ ቢጫ ካሊፐር ደግሞ የካርቦን ሴራሚኩ ምልክት ነው፤ ሆኖም ካሊፐር በቀላሉ የሚቀባ ዕቃ ስለሆነ ቀለሙን ብቻ ዐይቶ መደምደም አይቻልም። የዲስኩን ፊት መመልከት ይሻላል። መኪናው ታጥቦ ባደረ ማግስት ዲስኩ ላይ ቡናማ ስስ ዝገት ከታየና ከመጀመሪያዎቹ ጥቂት ፍሬኖች በኋላ ከጠፋ ተራ ብረት ነው። እንደ መስታወት የሚያብረቀርቅና የማይዝግ ሆኖ ማግኔት የሚይዝ ከሆነ የተለበጠው ነው። ደብዛዛ ግራጫ፣ የጭረት ጥልፍልፍ የሚታይበትና ማግኔት የማይይዝ ከሆነ ካርቦን ሴራሚክ ነው። ትንሽ ማግኔት ኪስ ውስጥ ይዞ ጋራዥ መሄድ ለዚህ መኪና ባለቤት የሚያሳፍር ነገር አይደለም።

የውድድር ሸራ ለከተማ መንዳት ይሻላል ብሎ ማሰብ

መኪናው ኃይለኛ ስለሆነ ሸራውም የውድድር ይሁን የሚል አስተሳሰብ በወጣት ባለቤቶች ዘንድ ሥር የሰደደ ነው። ለውድድር ሜዳ የተቀመመ ሸራ በጋለ ጊዜ በእርግጥ አስተማማኝ ነው፤ ችግሩ ሳይግል አለመያዙ ነው። ማለዳ ከግቢ ወጥቶ የመጀመሪያው መስቀለኛ መንገድ ላይ እግረኛ ድንገት ሲገባ፣ ሸራው ገና ቀዝቃዛ ነው፤ ፔዳሉ ሲረገጥም ከሚጠበቀው በታች ይይዛል። በዚያ ላይ ያፏጫል፣ አቧራው ብዙ ነው፣ ዲስኩንም ቶሎ ይበላል።

አዲስ አበባ ላይ ደግሞ ሌላ ምክንያት ይጨመራል። ከተማችን ከባሕር ጠለል በላይ 2,300 ሜትር ገደማ ላይ ትገኛለች፤ አየሯም በባሕር ዳርቻ ካለው በአንድ አምስተኛ ያህል የሳሳ ነው። ፔዳሉን የሚያቀልለው በቫክዩም የሚሠራው አጋዥ ጉልበቱን የሚያገኘው ከውጭው የአየር ግፊትና ከውስጡ ባዶነት ልዩነት ስለሆነ፣ የውጭው ግፊት ሲቀንስ ሊሰጥ የሚችለው ከፍተኛ እገዛም አብሮ ይቀንሳል። ሳይግል የማይይዝ ሸራ ጉልበቱ በቀነሰ አጋዥ ላይ ሲደረብ፣ እግር ይበልጥ መጫን ይኖርበታል፤ በድንገተኛ ጊዜ ይህን ያህል አጥብቆ የሚረግጥ አሽከርካሪ ደግሞ ጥቂት ነው። በኤሌክትሪክ ሞተር የሚታገዙት አዳዲስ ሞዴሎች ከዚህ ችግር ነፃ ናቸው።

ቁልቁለቱን ሳያስቡ ለጸጥታና ለንጽሕና ብቻ መምረጥ

በተቃራኒው አቅጣጫ የሚሠራው ስህተት ደግሞ ለስላሳና ድምፅ አልባ ሸራ ፈልጎ ሙቀት የማይችል መግዛት ነው። ከቦሌ ሲኤምሲ ለሚመላለስ ሰው ልዩነቱ ላይታወቅ ይችላል። ነገር ግን ከጎሐ ጽዮን ተነሥቶ የአባይን በረሃ የሚወርድ ሰው እስከ ድልድዩ ድረስ ከ1,000 ሜትር በላይ ቁልቁል ይጠብቀዋል። ስሌቱ እንዲህ ነው፦ አንድ መኪና 1,000 ሜትር ሲወርድ የሚለቀው ጉልበት፣ ያው መኪና በሰዓት 100 ኪሎ ሜትር እየሮጠ 25 ጊዜ ሙሉ በሙሉ ሲቆም ከሚወጣው ጋር ይተካከላል። ክብደቱ ምንም ያህል ቢሆን ይህ ቁጥር አይለወጥም። ከዚህ ውስጥ ከፊሉን ሞተሩና ነፋሱ ይሸከሙታል፤ የቀረው ሁሉ የዲስኩና የሸራው ዕዳ ነው፣ የሳሳ አየር ደግሞ ዲስክን ቶሎ አያቀዘቅዝም።

ሸራው ከአቅሙ በላይ ሲግል ቁሱን አያይዞ የያዘው ማጣበቂያ ይተንና ፔዳሉ ጠንካራ እንደሆነ መኪናው መቆም እምቢ ይላል። ተራራማ አገር የሚነዳ ሰው ስለዚህ ለሙቀት የሚበረታውን፣ ከፊሉ የብረት ብናኝ የሆነ ቅንብር ወይም ፋብሪካው ለዚያው ሞዴል የሚያቀርበውን ሸራ ቢመርጥ፣ ጥቂት አቧራ ቢኖረው እንኳ ይሻለዋል። አውቶማቲክ መኪናም ቢሆን ማርሹ በእጅ ወርዶ ሞተሩ እንዲይዝ መደረግ አለበት፤ የትኛውም ሸራ ቢገጠም ይህን የሚተካ የለም።

ካርቶኑንና ፊደሉን ማመን

በሸራው ጠርዝ ላይ ከሚታተሙት ኮዶች መጨረሻ ሁለት ፊደላት አሉ፦ ኢኢ፣ ኤፍኤፍ፣ ጂኤፍ፣ ጂጂ እየተባሉ የሚነበቡ። የመጀመሪያው ፊደል በመደበኛ ሙቀት፣ ሁለተኛው በከፍተኛ ሙቀት የተለካውን ሰበቃ ያመለክታል። ኢ ከ0.25 እስከ 0.35፣ ኤፍ ከ0.35 እስከ 0.45፣ ጂ ከ0.45 እስከ 0.55 ማለት ነው። ሁለተኛው ፊደል ከመጀመሪያው ዝቅ ካለ ሸራው ሲግል መያዙ እንደሚቀንስ ይናገራል፤ ይህ ጠቃሚ መረጃ ነው። ነገር ግን ፈተናው የሚካሄደው ከሸራው ተቆርጦ በወጣ ትንሽ ቁራጭ ላይ ስለሆነ፣ "ጂጂ ነው፣ ከዚህ በላይ የለም" የሚለው የሻጭ ንግግር ሸራው የእርስዎን መኪና እንዴት እንደሚያቆም አያረጋግጥም። ከዚህ የበለጠ የሚያስተማምነው በጀርባ ብረቱ ላይ የሚገኘው፣ በክብ ውስጥ የተጻፈ ኢ ፊደልና የአገር ቁጥር ያለበት የአውሮፓ ማረጋገጫ ነው። ማረጋገጫው የሚሰጥበት የተባበሩት መንግሥታት 90ኛ ደንብ ምትክ ሸራ ከኦሪጅናሉ አሠራር ከ15 በመቶ በላይ እንዳይርቅ ያስገድዳል።

ምልክትም ፎርጅድ ሊደረግ ይችላል። ስለዚህ ካርቶኑ ተከፍቶ አራቱም ሸራዎች አንድ በአንድ ይታዩ። የጠርዙ ኮድ በሁሉም ላይ አንድ መሆን አለበት፤ የሸራው ቁስና የጀርባ ብረቱ በሚጣበቁበት መስመር ላይ ክፍተት ወይም የሙጫ ፍሳሽ መታየት የለበትም፤ ቀለሙም በጥፍር ሲፋቅ መላጥ አይገባውም። ዋጋው ከገበያው ግማሽ የሆነ "ኦሪጅናል" ላይ ደግሞ ብዙ መመራመር አያስፈልግም።

ሸራውን ብቻ ለውጦ ሌላውን መተው

ጋራዥ ውስጥ ብዙ ጊዜ የሚታይ ነገር አለ። የሸራ ማለቂያ ሴንሰሩ ሽቦ በዲስኩ ተበልቶ ዳሽቦርዱ ላይ ማስጠንቀቂያ በርቷል፤ አዲስ ሸራ ሲገባ አዲስ ሴንሰር መግዛት ግድ ነው። መካኒኩ ግን "ጋሼ፣ ለዚች ብለው ገንዘብ አያባክኑ" ይልና ሁለቱን የሽቦ ጫፎች ልጦ ይጠመዝዛቸዋል፣ በስኮች ይጠቀልላል፤ መብራቱም ይጠፋል። ከዚያ በኋላ ሸራው አልቆ የጀርባ ብረቱ ዲስኩን ሲፍቅ የሚነግር አይኖርም። ሴንሰሩ ካልተገኘ ቢያንስ ሸራው ሦስት ሚሊ ሜትር ከመድረሱ በፊት በዐይን እየታየ መቀየር ይኖርበታል።

ዲስኩም የራሱ ልክ አለው። ዝቅተኛው ውፍረቱ ዲስኩ ላይ ተቀርጾ ይገኛል፤ ቶርኖ ቤት ወስዶ ማስላጥ የሚቻለውም ከተላጠ በኋላ ከዚያ ልክ በላይ የሚቀር ከሆነ ብቻ ነው። የተለበጠና የካርቦን ሴራሚክ ዲስክ ጨርሶ አይላጥም። የፍሬን ዘይትም እርጥበት ስለሚስብ በሁለት ዓመት አንድ ጊዜ ቢቀየር ይመከራል። ዶት 4 የሚባለው የፍሬን ዘይት አዲስ ሳለ የሚፈላው ከ230 ዲግሪ በላይ ሲሆን፣ እርጥበት ከጠጣ በኋላ ወደ 155 ሊወርድ ይችላል፤ ያኔ በረሃው ውስጥ ሸራው ምንም ያህል ጎበዝ ቢሆን ፔዳሉ እስከ ወለል ይሰምጣል።

ግራና ቀኙ ሁልጊዜ አብሮ ይቀየራል፤ አንድ ጎን ብቻ መቀየር መኪናው ሲቆም ወደ አንድ ወገን እንዲስብ ያደርጋል። የእጅ ፍሬኑ በኤሌክትሪክ የሚሠራ ከሆነ የኋላ ፒስተኖቹ በመመርመሪያ መሣሪያ ወደ ጥገና ሁኔታ ሳይገቡ በኃይል መገፋት የለባቸውም።

ሳያላምዱ መንዳትና አቧራውን በኮምፕሬሰር መንፋት

አዲስ ሸራ ከዲስኩ ጋር እስኪላመድ ድረስ ሙሉ አቅሙን አይሰጥም። አምራቹ የራሱን ቅደም ተከተል ከጻፈ እርሱ ይከበር፤ ካልጻፈ ጭር ባለ መንገድ ላይ ከ60 ኪሎ ሜትር ወደ 20 ገደማ በመጠነኛ ኃይል ደጋግሞ መቀነስ፣ በየመካከሉም ዲስኩ እንዲቀዘቅዝ ጥቂት መንዳት ይበቃል። በዚህ ጊዜ በጋለ ዲስክ ላይ ፔዳሉን ረግጦ ቆሞ መቆየት ሸራው በአንድ ቦታ እንዲታተምና በኋላ መሪው እንዲንቀጠቀጥ ያደርጋል።

አሮጌው ሸራ ሲወልቅ ደግሞ ብዙ ጋራዦች ካሊፐሩን በኮምፕሬሰር አየር ይነፉታል፤ ግራጫው አቧራም ቤቱን ይሞላዋል። ከየት እንደመጣ የማይታወቅ ርካሽ ሸራ አስቤስቶስ ሊኖርበት ይችላል፤ የሌለበትም ቢሆን ለሳንባ የሚጠቅም ነገር የለውም። በፍሬን ማጽጃ ፈሳሽ አርጥቦ በጨርቅ መጥረግና ጨርቁን በላስቲክ አስሮ መጣል ተጨማሪ አምስት ደቂቃ ቢፈጅ ነው፤ ጨርቁ ግራሶ የነካው አለመሆኑን ማየት ግን ያስፈልጋል፣ ግራሶ የነካው ሸራ ተጠርጎ አይድንምና።