የፀረ-ኤችአይቪ መድኃኒት ከተጀመረ በኋላ ራስ ምታት ሲከፋ፦ ለአስታማሚዎች የተዘጋጀ መመሪያ

መድኃኒቱን የጀመረ ሰው የምግብ ፍላጎቱ ተመልሶ፣ ፊቱ ሞላ ማለት ሲጀምር ድንገት ከባድ ራስ ምታት ቢይዘው ቤተሰቡ መጀመሪያ የሚጠረጥረው መድኃኒቱን ነው። ጥርጣሬው የሚያስገርም አይደለም፤ መድኃኒቱን ወደ ማቋረጥ ከመራ ግን ነፍስ ያስከፍላል።

ቫይረሱ ሲገታ ተዳክሞ የነበረው የሰውነት መከላከያ ያገግማል፤ ሲያገግምም ቀድሞ ሳይነካቸው ያለፋቸውን ተህዋስያን፣ የሞቱትን እንኳ ሳይቀር፣ ከልክ ባለፈ ኃይል ማጥቃት ይጀምራል። ይህ ንፍፊት ላይ ሲሆን እብጠቱ ወደ ውጭ ይሰፋል፤ አንጎል ግን በአጥንት የታጠረ ስለሆነ ሲያብጥ መሄጃ የለውም። በአገራችን ከጀርባው ብዙውን ጊዜ የሚገኙት የአንጎል ሽፋን ቲቢ (የቲቢ ማጅራት ገትር)፣ ክሪፕቶኮከስ የተባለው ፈንገስ እና ቶክሶፕላዝማ የተባለው ጥገኛ ተህዋስ ናቸው። ሕክምናው ተጀምሮለት የነበረው በሽታ ሊያገረሽ፣ ተደብቆ የቆየውም ሊገለጥ ይችላል። አደጋው የሚያይለው ሲዲ ፎሩ (በደም ውስጥ ያሉት የመከላከያ ሕዋሳት ቁጥር) ከ100 በታች ሆኖ መድኃኒት በጀመረ ሰው ላይ ሲሆን፣ በአብዛኛው የሚከሰተውም በመጀመሪያዎቹ 3 ወራት ውስጥ ነው።

ስለዚህ ጥንቃቄው መድኃኒቱ ከመጀመሩ በፊት ይነሣል። ሲዲ ፎር ዝቅተኛ ከሆነ የክሪፕቶኮከስ የደም ምርመራ መደረጉን ይጠይቁ፤ ራስ ምታት ካለም ቀላል ቢመስል እንኳ ይናገሩ። በፈንገሱ የመጣ ማጅራት ገትር ከተገኘ የፀረ-ኤችአይቪ መድኃኒቱ ከ4 እስከ 6 ሳምንት እንዲዘገይ ይደረጋል። «ለምን አዘገዩብን?» ብሎ የሚቆጣ ቤተሰብ አይጠፋም፤ ነገር ግን በኡጋንዳና በደቡብ አፍሪካ ተካሂዶ እ.ኤ.አ. በ2014 ውጤቱ በታተመ ጥናት፣ በ6 ወር ጊዜ ውስጥ ቶሎ ከጀመሩት 45 በመቶ፣ 5 ሳምንት ያህል ከቆዩት ደግሞ 30 በመቶ ሞተዋል።

ቤት ውስጥ ሊያዩ የሚገባው ከራስ ምታቱ ጋር አብሮ የሚመጣውን ነው። ጠዋት የሚብስና ትውከት ያለው መሆኑን፣ አንዱ ነገር ሁለት ሆኖ መታየቱን፣ የቡና ስኒ ሲያነሣ አንድ እጁ መክዳቱን፣ ጸባዩ መለወጡን ወይም ቀኑን መሳቱን ልብ ይበሉ። በጀርባው አስተኝተው አገጩን ወደ ደረቱ እንዲያስጠጋ መጠየቅ ይቻላል፤ ሆኖም አንገቱ አልደረቀም ብለው አይዘናጉ፤ በክሪፕቶኮከስ ማጅራት ገትር የማይደርቅበት ጊዜ ብዙ ነው። ቢያንዘፈዝፈው በጎኑ ያስተኙት፤ አፉ ውስጥ ምንም አይጨምሩ፤ ክብሪት ማሽተትም አይጠቅመውም። ከእነዚህ አንዱ ከታየ ቀጠሮ ሳይጠብቁ በዚያው ቀን ወደ ሆስፒታል ይውሰዱት።

ሲሄዱ የሚወስዳቸውን መድኃኒቶች ሁሉ በአንድ ፌስታል ይያዙ፤ የፀረ-ኤችአይቪውና የቲቢው መድኃኒት የተጀመሩበትን ቀን፣ የተዘለለም ካለ፣ በወረቀት ይጻፉ። ራስ ምታቱ ከሰውነት መከላከያው ከልክ ያለፈ ማጥቃት መምጣቱን ብቻውን የሚያረጋግጥ ምርመራ ስለሌለ ሐኪሙ የሚደርስበት ሌሎች ምክንያቶችን እያስወገደ ነው፤ ጸበል ላይ ሳሉ መድኃኒት ተቋርጦ ከሆነም ሳያፍሩ መናገር ይገባል፤ ጸበሉንና መድኃኒቱን ጎን ለጎን ማስኬድ ይቻላልና።

ለምርመራ ከወገብ የሚቀዳው የአንጎልና የኅብለ ሰረሰር ፈሳሽ ብዙ ሰው ያስፈራል። መርፌው የሚገባው ኅብለ ሰረሰር ካበቃበት በታች ስለሆነ ሽባ ያደርጋል የሚለው ፍርሃት ቦታ የለውም፤ አንጎል ውስጥ እብጠት ከተጠረጠረ ግን አስቀድሞ ሲቲ ስካን ይነሣል። በክሪፕቶኮከስ ጊዜ ደግሞ መቅዳቱ ራሱ ሕክምና ነው። ፈሳሹ በቀጭን ቱቦ ውስጥ ሽቅብ ሲወጣ ግፊቱ ይለካል፤ ከ25 ሴንቲ ሜትር ካለፈ ከ20 በታች እስኪወርድ ወይም በግማሽ እስኪቀንስ ይቀዳል፤ ይህም በየቀኑ ሊደገም ይችላል። ራሱን ይዞ ሲያቃስት የገባ ሰው በዚያው ሰዓት ሊቀለው ይችላል።

የፀረ-ኤችአይቪ መድኃኒቱ አብዛኛውን ጊዜ ይቀጥላል፤ ለሕይወት በሚያሰጋ ሁኔታ ለጊዜው ይቁም የሚለውም ሐኪሙ ብቻ ነው። እብጠቱን ለማስታገሥ እንደ ዴክሳሜታሶን ያለ ስቴሮይድ ሊታዘዝ ይችላል። በቲቢ ማጅራት ገትር ሐኪም ሊያዝዘው ይችላል፤ ለክሪፕቶኮከስ ገና ከሕክምናው መጀመሪያ ሲሰጥ ግን ጉዳት ማድረሱ በጥናት ስለታየ፣ ከፋርማሲ ገዝቶ መስጠት ፈጽሞ አይገባም። የታዘዘውም በአንድ ጊዜ አይቋረጥም፤ መጠኑ ቀስ በቀስ ይቀነሳል፤ በሚቀነስበት ሳምንት ራስ ምታቱ ከተመለሰ በዚያው ቀን ለሐኪሙ ይነገረው።